ከሬሳ ሣጥን በፊት

ይህን ርዕሰ አንቀጽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የምጽፈው ስለ ሞት ስለሆነ ነው። ሞት ለእኛ ለቤት ሠራተኞች እንግዳ ሆኖብን አይደለም። መጥቶ ሲሄድ እናለቅሳለን፣ ገንዘብ እናዋጣለን፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ድረስ ዝም እንላለን። ዛሬ ስለዚያ ዝምታ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ዓመት ለዒድ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እዚሁ ተላዕ አል-ዓሊ ውስጥ፣ አንዲት እህታችን ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ወደቀች። ቤተሰቧ ስላልፈቀደ ስሟን አልጽፍም። ብዙዎቻችሁ ግን ታውቋታላችሁ፤ ቡና ስታፈላ ዕጣን የምታበዛዋ ናት። ገንዘብ ሰበሰብን፣ ወረቀት ጨረስን፣ ሬሳዋን ሸኘን። ለእናቷ የደወልኩት እኔ ነበርኩ።

እናትየው መጀመሪያ አላለቀሱም። "ልጄ፣ ምን ሆና ነው?" አሉኝ። "ወድቃ ነው እማማ" አልኳቸው። "ከምን ላይ?" "ከመስኮት።" "መስኮት ላይ ምን ልታደርግ ወጣች? ማን አወጣት? የሚይዛት ሰው አልነበረም?"

መልስ አልነበረኝም። ስንት ዲናር እንደሰበሰብን አውቃለሁ። ሣጥኑ በየትኛው ቀን እንደተጫነ አውቃለሁ። ልጃቸው እንዴት እንደሞተች ግን አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን እንዳፈርኩት አፍሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ጠየቅሁ። ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ የምትሠራ ሐበሻ አይታ ነበር። ልጅቷ የመስታወቱን የውጭ ገጽ ለመወልወል ከመስኮቱ ወጥታ ጠርዙ ላይ ቆማ ነበር። እግሯ ላይ እርጥብ የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ነበር። በአንድ እጇ አባጁሩን ይዛ በሌላው ትወለውላለች። የበዓል እንግዳ ስለነበረባት ከዚያ በፊት በነበሩት ሌሊቶች እንቅልፍ አላገኘችም። እንግዲህ ቁጠሩት፦ ጠርዙ፣ ጫማው፣ መያዣ ማጣቱ፣ ድካሙ። አራት ምክንያት። ከአራቱ አንዱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ዕጣኗን እያበዛች ታጨናንቀን ነበር።

"ዕድሏ ነው" ያላችሁ ነበራችሁ። እኔም ብያለሁ። አሁን ግን አልልም። ዕድል የሚባለው ነገር እርጥብ ነጠላ ጫማ አያደርግም። ጥፋቱ የሷ ነው እያልኩም አይደለም፤ ከአራተኛ ፎቅ ውጪ ቁሚና ወልውዪ ያለ ሰው አለ፣ ኃላፊነቱም የሱ ነው። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። እኛ ሬሳ መላክ ተምረናል፤ ሰው ሳይሞት ማትረፍ ግን አልተማርንም። መማር እንችላለን። በሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብም ከዚሁ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት ግን የሚገድሉንን ነገሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው መስኮት ነው። መስኮት በሁለት መንገድ ይገድለናል። አንዱ ጽዳት ነው። ለዚህ ደንቡ አጭር ነው፦ ሁለት እግርሽ ምንጊዜም ከውስጥ ወለል ላይ ይሁን። በርጩማ ላይ ቆሞ ወደ ውጭ መንጠልጠል የለም፣ ጠርዝ ላይ መቀመጥ የለም። የውጩ መስታወት በረጅም እንጨት መወልወያ ከውስጥ ሆኖ ይደረሳል። የማይደረስ ከሆነ ቆሻሻ ይሁን፤ በቆሸሸ መስታወት የሞተ ሰው የለም። ማዳም ካስገደደች እነዚህን ቃላት በቃልሽ ያዢ፦ "ማ በጥለዕ፣ ኸጠር።" አልወጣም፣ አደጋ ነው ማለት ነው። ሳትጮኺ፣ ሳትሳደቢ፣ ደግመሽ ደግመሽ በያት። እኔ ብዬው አውቃለሁ፤ ማዳም ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፣ በሦስተኛው ቀን ረጅም መወልወያ ተገዛ።

ሁለተኛው የመስኮት መንገድ ማምለጫ ማድረጉ ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከጃንዋሪ 2007 እስከ ኦገስት 2008 በሊባኖስ የሞቱትን የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ቆጥሮ ነበር። ቢያንስ 95 ሆኑ። በሳምንት ከአንድ በላይ ማለት ነው። ከነዚህ 40ዎቹ ራሳቸውን አጠፉ ተብሎ የተመዘገቡ ናቸው፤ 24ቱ ከፎቅ ወድቀው የሞቱ ናቸው፣ ብዙዎቹም ከአሠሪ ቤት ለማምለጥ ሲሞክሩ። በ2017 ደግሞ ኩዌት ውስጥ ከሰባተኛ ፎቅ መስኮት የተንጠለጠለች ኢትዮጵያዊት "ያዙኝ" እያለች ስትለምን አሠሪዋ ቪዲዮ ስትቀርጻት ዓለም ሁሉ አይቷል። ያቺ ልጅ በተአምር ተርፋለች። ተአምር ግን በየቤቱ አይደርስም።

በር የተቆለፈበት ሰው መስኮት ያያል፤ ይህ ይገባኛል። አንሶላ ከአንሶላ አስሮ መውረድ በወሬ ቀላል ነው። አንሶላው ይፈታል፣ እጅ ይደክማል፣ የአማን ነጭ ድንጋይ ያንሸራትታል። ስለዚህ በር ተቆልፎብሽ፣ እየተመታሽ ወይም እየተራብሽ ከሆነ ማምለጫሽ ስልክ ነው። 911። ፖሊስም፣ አምቡላንስም፣ እሳት አደጋም በዚህ አንድ ቁጥር ይመጣል፣ ክፍያ የለውም። ዮርዳኖስ በ2008 የሠራተኛ ሕጓን አሻሽላ የቤት ሠራተኛን አስገብታለች፣ በ2009 ደግሞ ቁጥር 90 የተባለውን ደንብ አውጥታለች። በየሳምንቱ የዕረፍት ቀን መብታችን ነው፣ ሕክምና የአሠሪ ግዴታ ነው። እዚሁ አማን ውስጥ ተምኪን የሚባል የሕግ እርዳታ ማዕከል የውጭ አገር ሠራተኞችን ጉዳይ ይይዛል። ሕጉ ሁሉን አይፈታም፣ አውቃለሁ፤ ግን በሕግ ላይ የምትከራከር ሴት በሕይወት ያለች ሴት ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዷ መስኮቱን የምታየው ለማምለጥ አይደለም፣ ሁሉ ነገር ስላከተመባት ነው። እህቴ፣ ይህን የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ፣ ከጀርባው ገጽ ላይ ካሉት የቡድኑ ስልኮች ወደ አንዱ ደውዪ። ሌሊትም ቢሆን ደውዪ። ምን ብዬ እጀምራለሁ ብለሽ አትጨነቂ፤ "ከብዶኛል" ካልሽ ይበቃል፣ የቀረውን እኛ እንጠይቅሻለን። እናንተ ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ጓደኛችሁ ድንገት ዝም ካለች፣ ዕቃዋን ማደል ከጀመረች፣ "እኔ ከሌለሁ" ማለት ካበዛች፣ "ሰሞኑን ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ብቻዋን እንዳልሆነች ነው የሚነግራት።

ሁለተኛው ገዳያችን የማይታይ ነው። እኔንም ሊወስደኝ ነበር። መጀመሪያ በመጣሁበት ዓመት፣ የዚህ አገር ክረምት የእኛ በጋ መሆኑን እንኳ ገና አልለመድኩም ነበር። የምተኛው ከማዕድ ቤቱ ጎን ባለች፣ መስኮት በሌላት ክፍል ነው። ብርዱ ሲብስ ማዳም አዝናልኝ የጋዝ ሶባ ሰጠችኝ። ደስ ብሎኝ በሩን ግጥም አድርጌ ተኛሁ። ሌሊት ስነቃ ራሴን በመዶሻ የሚቀጠቅጡት መሰለኝ። ልነሣ ብል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። እየተንፏቀቅሁ በሩን ከፍቼ ኮሪደሩ ላይ አስመለስኩ። ጉንፋን መሰለኝ። ጉንፋን አልነበረም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ጋዝ፣ ናፍጣ፣ ከሰል፣ ማንኛውም ነገር አየር ባነሰው ቦታ ሲነድ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ አያስልም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው ደምን የሚይዘው። ለዚህ ነው ሰው ሳይታገል ተኝቶ የሚቀረው። አገር ቤት "ከሰል በላቸው" የምንለው ይኸው ነው። እናቶቻችን ከሰሉ ሳይፈም ቤት አያስገቡም፤ ብልሃታቸው ግማሽ እውነት አለው። የቀረው ግማሽ ግን ይኸውላችሁ፦ ፍም የሆነ ከሰልም መርዙን ያወጣል። ጭሱ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

ስለዚህ፣ ሶባ ለኩሶ መተኛት የለም። ከመተኛትሽ በፊት አጥፊው፣ ብርድ ልብስ ደርቢ፣ የሞቀ ውኃ በጠርሙስ አድርገሽ ከእግርሽ ሥር ክተቺ። ሶባው በሚነድበት ጊዜ መስኮት ወይም በር አንድ መዳፍ ያህል ክፍት ይሁን። ውኃ የሚያሞቀው የጋዝ ጊዘር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሆነ፣ በር ዘግቶ ረጅም ሰዓት መታጠብም እንደዚያው ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት በአንድ ጊዜ ከመጣ፣ በተለይ ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ሰውም ካመመው፣ ቶሎ ወደ ውጭ ውጪ፣ ከዚያ 911። ወድቃ ያገኘሻት ሰው ካለች መጀመሪያ በሩንና መስኮቱን ክፈቺ፣ ጋዙን ዝጊ፣ ወደ አየር ጎትቻት። እሷን ላድን ስትይ አንቺም አጠገቧ እንዳትወድቂ። ደግሞም ልብ በሉ፦ የሠራተኛ መኝታ ብርሃንና አየር የሚገባበት መሆን አለበት የሚለው እዚያው ቁጥር 90 ደንብ ውስጥ አለ። መስኮት የሌላት ክፍል የማዳም ቸርነት ጉዳይ አይደለችም።

ሦስተኛው ማዕድ ቤትና መታጠቢያ ቤት ነው። ክሎርን ከፍላሽ ጋር አትቀላቅሉ። ሽንት ቤቱ ይበልጥ ይነጣል ብላ የቀላቀለች እህት አውቃለሁ፤ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ሁለት ሳምንት አልተናገረችም። ክሎር ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል፤ በሩ በተዘጋ ትንሽ ክፍል ውስጥ ይገድላል። አንዱን ብቻ ተጠቀሚ፣ በር ክፈቺ። ዘይት በእሳት ከተያያዘ ውኃ አትድፊበት፤ ምድጃውን አጥፍተሽ ክዳን ክደኚበት። ጋዝ ከሸተተሽ መብራት አታብሪ፣ የበራውንም አታጥፊ፣ ጀራውን ዝጊ፣ መስኮት ክፈቺ። ያ ሙዚቃውን እያሰማ የሚዞረው የጋዝ መኪና አዲስ ጀራ ሲያመጣ፣ መግጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቢበት፤ አረፋው ከተነፋ ያፈስሳል ማለት ነው። ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ቡና አይደረግም፤ 20 ደቂቃ የሚፈስ የቧንቧ ውኃ ነው መድኃኒቱ። ወለሉን በውኃ ሸትፍ ስታደርጊ ደግሞ፣ መሬት ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ገመድ በሙሉ አስቀድሞ ይነቀል።

አራተኛው የዕረፍት ቀናችን መንገድ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ስለምንወጣ እንቸኩላለን። በመዲና ሙነወራ መንገድና በዋስፊ አት-ተል፣ ማለትም ጋርደንስ በምንለው መንገድ ላይ፣ መኪና አይምርም። አዲስ አበባም እንደዚያው ነው፤ እዚያ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ የተደረገውን ስሙኝ። ለገሃርና መርካቶ አጠገብ ሰባተኛ ላይ፣ መስቀለኛ መንገዱን በቀለም ከልለው፣ መታጠፊያውን አጥብበው፣ ለእግረኛ ቦታ አስፍተው መኪናው እንዲያዘግም አደረጉ። ቀለም ነው! ሚሊዮን የሚፈጅ ድልድይ አይደለም። ርካሽ ነገር በጊዜው ከተደረገ ሰው ያተርፋል። እኛም ድልድይ ካለ በድልድይ፣ ከሌለ መብራት ያለበት ድረስ ሄደን እንሻገር። ስልካችንን ቦርሳ ውስጥ እንክተት፤ ከአገር ቤት የሚደወለው ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ 4.4 ሚሊዮን ያህል ሰው በአደጋና በጥቃት ይሞታል፤ ከመውደቅ ብቻ 684,000። ይህን ያህል ሰው በአንድ በሽታ ቢሞት ክትባት ይፈለግለት ነበር። የአደጋ ክትባት ግን ምክንያቱን ማወቅ ነው።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። በየወሩ ሦስት ሦስት ዲናር እናዋጣለን። ገንዘቡ የሬሳ ገንዘብ ነው፤ ደንባችንም "ለአስከሬን ማስላኪያ ብቻ" ይላል። እኔ የምለው፣ ከሦስቱ ግማሽ ዲናሯ ለሕያዋን ትሁን። በሷም ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ በሶባ ለሚተኙ አባሎቻችን የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ እንግዛ። ባትሪ የሚበላ ትንሽ ዕቃ ናት፣ መርዙ ሲበዛ ትጮኻለች። ሁለተኛ፣ አዲስ የገባች እህት ስልክ ከሌላት አሮጌ ስልክ አግኝተን 911 የተጻፈበት ወረቀት ለጥፈን እንስጣት። ሦስተኛ፣ ደብተር እንክፈት። ከመካከላችን ሰው ሲሞት፣ ወይም ሞቶ ሲተርፍ፣ ምን ላይ ነበረች፣ ምን ለብሳ ነበር፣ ስንት ሰዓት ሠርታ ነበር፣ ማን አዘዛት ብለን ጠይቀን እንጻፍ።

ደብተሩ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በምን እንደሚሞት በቅጡ የሚነግር መዝገብ አልነበረም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየቤተ ክርስቲያኑና በየሙስሊሙ መካነ መቃብር የሚቀበረውን መመዝገብ ጀመሩ። ቤተሰቡንም ቁጭ ብለው "ሲሞት እንዴት ነበር?" ብለው ጠየቁ። የቀባሪ ደብተር የከተማዋ ሐኪሞች ማስረጃ ሆነ። የእኛም ደብተር አንድ ቀን ጠበቃ ፊት፣ ወይም የሠራተኛ ሚኒስቴር ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። "ወደቀች" የሚል አንድ ቃል ማንንም አይጠይቅም። "ከአራተኛ ፎቅ ጠርዝ ላይ፣ በእርጥብ ጫማ፣ እንቅልፍ ሳትተኛ፣ ታዝዛ" የሚለው ግን ይጠይቃል።

ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። አንዷ ታላቃችን ባለፈው ዓርብ ፊቴን አይታ፣ "አንቺ ልጅ፣ የሬሳ ገንዘብ አይነካም። እኔ ብሞት እዚህ በረሃ ልቀር ነው? እናቴ አፈር ሳታለብሰኝ?" አለችኝ። ቃሏ ልቤን ነካው። ይህን ፍርሃት ሁላችንም ይዘነው እንተኛለን። ግን እታለም፣ ሁለት ዲናር ተኩሉ አይነካም፤ ሣጥኑም ይገዛል፣ ትላኪያለሽም። በሕይወት ዘመንሽ ግን ማን ይዋጣልሽ?

እድርም ቢሆን አንዴ የተጻፈ ደንቡን ቀይሮ ያውቃል። በኤድስ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ቀብር በቀብር ላይ ሲሆን፣ ብዙ እድሮች ድንኳንና ንፍሮ ብቻ አይበቃም ብለው የታመመ አባላቸውን ማስታመም፣ ወላጅ ያጣ ልጅ መርዳት ጀመሩ። እድርነታቸው አልጠፋም። እንዲያውም የሚቀብሩት ሰው እንዲያንስ የሚፈልጉ እድሮች ሆኑ። እኛስ ምን ያንሰናል?

የሚመጣው ዓርብ ከቡና በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። መውጣት የማትችሉ በስልክ ድምፃችሁን አስመዝግቡ። ተቃዋሚም ደጋፊም ኑ፤ ተከራክረን እንወስን። እስከዚያው ድረስ ግን ድምፅ የማይፈልገውን አድርጉ፦ ዛሬ ማታ ሶባውን አጥፉ፣ ነጠላ ጫማችሁን አድርቁ፣ ክሎሩንና ፍላሹን በተለያየ መደርደሪያ አስቀምጡ።

እኔም ለእናትየው እንደገና ደውያለሁ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጠርዙን፣ ጫማውን፣ እንቅልፉን። ያን ጊዜ አለቀሱ። ሲጨርሱ "እሺ፣ አሁን ገባኝ። ለሌሎቹ ንገሪልኝ" አሉኝ።

ይኸው ነገርኳችሁ።